ራቤል ሜዳ ላይ የተገናኙት እንግሊዞችና ፖላንዶች

እስቲ ዛሬ ከከተማው ወሬ ትንሽ ገለል እንበልና ወደ ደጋው እንውጣ። ብርድ የምትፈሩ ጋቢ ደርቡ፤ የምንሄደው መንዝ ነው።

ዘመሮ ላደገ ልጅ ሰማይ ላይ የሚያየው ነገር ብዙ አይደለም። ጥንብ አንሳ አለ፣ ጭልፊት አለ፣ ከሰዓት በኋላ ከቆላው ሽቅብ የሚወጣ ጉም አለ። አልፎ አልፎ ግን ሄሊኮፕተር ያልፍ ነበር። ድምፁ ገና ከሸለቆው ማዶ ሲሰማ እኛ ልጆቹ የያዝነውን ጥለን ወደ ሜዳው እንሮጣለን። አያቴ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ቤት ይገቡና ከደጃፍ ሆነው «ግቡ! ግቡ ብያለሁ!» ይሉናል። አንድ ቀን ለምን እንደሚፈሩት ጠየቅኋቸው። «ድምፁ አንድ ነው ልጄ፤ ስንዴ ይዞ ይምጣ እሳት ይዞ ይምጣ እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ያኔ መልሱ አልገባኝም። ስንዴና ሄሊኮፕተር ምን አገናኛቸው? ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ ሳነብ ነው ነገሩ የበራልኝ። ዛሬ የማወራችሁም እሱን ነው። በተማርኩባቸው የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁለትም። ሆኖም የእኛ ደጋ በቀዝቃዛው ጦርነት ታሪክ ውስጥ ካገኛቸው እንግዳ ቀናት አንዱ ነው፤ የኔቶ ወታደርና የዋርሶ ቃል ኪዳን ወታደር አንድ ማሳ ላይ ቆመው፣ ባንድ ሬዲዮ እየተነጋገሩ፣ ለአንድ ገበሬ እህል ያወረዱበት።

ሰሞኑን ስለ ፓስፊክ ደሴቶች ሳነብ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ሃያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፊሊፒንስን ሲመታ ወደቡም፣ መንገዱም፣ ድልድዩም ተበጣጠሰ። ያን ጊዜ ኦኪናዋ ላይ የሰፈሩት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወለድ ጦር አባላት ኦስፕሬይ የሚባለውን አውሮፕላን ይዘው ደረሱ። ኦስፕሬይ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ ይነሳና አየር ላይ ሞተሮቹን ከነማራገቢያቸው ወደ ፊት አዙሮ እንደ አውሮፕላን የሚበር ነው። ሩቅና ፈጣን ነው፤ አደጋም አያጣውም (እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ጃፓን አጠገብ አንዱ ወድቆ 8 ሰዎች ሞተዋል)። በደሴቶች ላይ ለምን እንደሚፈለግ ግን ግልጽ ነው። መንገድ የሌለው ሰው ዘንድ በመንገድ አይደረስም።

ይሄን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው የኛው አገር ነው። መንዝ እኮ ደሴት ነው! ውኃው የለም እንጂ። በምሥራቅ ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቁልቁል የሚወርደው ገደል አለ። በምዕራብ ጀማና ወንጪት የቆፈሩት ሸለቆ አለ። መካከሉን እነ ሞፈርና ቀጨኔ ቆራርጠውታል። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር፣ ከዚያ በላይ ግሼ። ሜዳው ላይ ስትቆም ጎረቤትህ ያለበት ሜዳ ማዶ ፊት ለፊትህ ይታይሃል፤ ብትጣራ ይሰማል ያስብላል፤ ለመድረስ ግን ወርደህ እስክትወጣ ግማሽ ቀን ይፈጅብሃል። በድሮ ጊዜ ይሄ ገደል ጠላት መመለሻ ነበር። በክፉ ቀን ደግሞ እህል መመለሻ ሆነ።

የ1977ቱን ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ አላስረዝመውም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች የድረሱልን ጥሪ አቅርቦ ነበር። የሰማው ጥቂት ነው። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን በደማቅ ሰልፍ አከበረ፤ ኢሠፓም ተመሠረተ። ጥቅምት 13 ቀን ደግሞ የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ለንደን ውስጥ ታየና ዓለም ነቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሲተረክ ኮረም፣ መቀሌ፣ ባቲ ይባላል። ትክክል ነው፤ የካሜራው መንገድ የሚያደርሰው እዚያ ነበር። የሸዋው መንዝና ግሼ አውራጃ ግን በዚሁ ድርቅ ተመትቶ ሳለ ስሙ ብዙም አልተነሳም። መጠለያ ጣቢያው ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ደጋው ላይ ያለው ሰው ደግሞ ከመንገዱ ለመድረስ ቀናት መሄድ አለበት። ልጅ አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ፣ ባዶ ሆዱን። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው እንደገና ገበሬ ሆኖ መመለሱ አጠራጣሪ ነው። በሬው ተሽጧል፣ ዘሩ ተበልቷል።

ስለዚህ ጥያቄው «እህል አለ ወይ?» ከሚለው ወደ «እህሉ እንዴት ይወጣል?» ወደሚለው ዞረ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች በጥቅምት መጨረሻ አዲስ አበባ ገብተው ከአሰብ ወደ መቀሌና ወደ ሌሎች ሰሜናዊ ሜዳዎች እህል ማመላለስ ጀምረው ነበር። ሥራውን «ቡሽል» ብለውታል፤ የእህል መስፈሪያ ስም ነው፤ እንደኛ ቁና በሉት። የምዕራብ ጀርመኖቹ ትራንሳል አውሮፕላኖችም ድሬዳዋ ነበሩ። ግን አውሮፕላን ለማረፍ ሜዳ ይሻል። ግሼ ላይ የት ሊያርፍ?

መፍትሔው ሳያርፉ መጣል ሆነ። ከጥር 1977 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ እህል ከአየር የመጣሉ ሥራ ተጀመረ። ከተመረጡት የደጋ ሜዳዎች አንዱ የግሼዋ ራቤል ነበረች።

አጣጣሉ እንዲህ ነው። በጃንጥላ አይደለም። ጃንጥላ ውድ ነው፤ ንፋሱም ወደ ገደል ይወስደዋል። እህሉ በ50 ኪሎ ጆንያ ይሞላል፤ ጆንያው ሌላ ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ እንደገና ይደረባል፤ ውስጠኛው ቢፈነዳ ውጪኛው እንዲይዘው። ጆንያዎቹ በጣውላ ላይ ተደርድረው ይታሰራሉ። ሄርኩለሱ የኋላ በሩን ከፍቶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ከመሬት 5 እስከ 15 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ያልፋል። (ዝቅታው ይታያችኋል? የባሕር ዛፍ ቁመት የማይሞላ ነው።) ሜዳው መሐል ሲደርስ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፤ ጭነቱ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ይወጣና መሬት ይመታል፤ አቧራ ይነሳል፤ ጣውላው ይሰበራል፤ ጆንያዎቹ እየተንከባለሉ ይቆማሉ። አውሮፕላኑ ዞሮ ይመለሳል፤ እንደገና ይጥላል፤ ሆዱ ባዶ እስኪሆን። ከውስጥ ሆነው ጭነቱን የሚለቁት የእንግሊዝ ጦር የአየር ጭነት ባለሙያዎች ነበሩ።

መሬት የነካው ሁሉ ደህና አልሆነም፤ የተቀደደ ጆንያ ነበር። የፈሰሰውን ስንዴ ሴቶችና ልጆች አንድ በአንድ ከአፈሩ እየለቀሙ ያወጡት ነበር። ቃርሚያ ማለት ይሄ ነው፤ ያልዘሩትን፣ ያላጨዱትን፣ ከሰማይ የወደቀውን መቃረም።

እንግዲህ አሁን ወደ ሄሊኮፕተሩ መጣን። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ከሰው ራስ በላይ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ጭነት ሲያፈስ መሬት ላይ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ሜዳውን አስቀድሞ የሚያይ፣ ድንጋይና ጉድጓዱን የሚለይ፣ የንፋሱን አቅጣጫ በጭስ የሚያሳይ፣ ከብቱንና ሕዝቡን ዳር የሚያስይዝ፣ በሬዲዮ «ና» ወይም «አትምጣ» የሚል። የተራበ ሕዝብ እህል ሲወርድ እያየ ዳር ቁም ቢሉት ቀላል አይደለም። አንድ ጆንያ 50 ኪሎ ነው፤ በዚያ ፍጥነት የመታው ሰው አይተርፍም። እነዚህን የመሬት ሰዎች ገደሉን አሻግሮ ማን ያድርሳቸው?

ፖላንዶች አደረሷቸው። የፖላንድ መንግሥት በዚያው ጥር ወር ሚ-8 ሄሊኮፕተሮችን ከነአብራሪዎቻቸውና ከነመካኒኮቻቸው በመርከብ አሰብ አውርዶ ነበር። አብራሪዎቹ ወታደሮች ናቸው፤ አገራቸው የዋርሶ ቃል ኪዳን አባል ነች። እንግሊዞቹና ምዕራብ ጀርመኖቹ የኔቶ ናቸው። አውሮፓ ላይ ቢገናኙ አንዱ ሌላውን ለመጣል የሠለጠነ ነው። እዚህ ግን የፖላንዱ ሄሊኮፕተር እንግሊዛዊውን ጭኖ፣ የኮሚሽኑን ሠራተኛ ጨምሮ፣ ራቤል ላይ ያወርዳል፤ ከዚያ ሜዳው ዳር ቆሞ ሄርኩለሱን ይጠብቃል። ከጎናቸው ደግሞ የደርግ መንግሥት ባለሥልጣናት አሉ። ይህን ድርድር በአዲስ አበባ ሲያስተባብር የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ እርዳታ ቢሮ ነው፤ ኃላፊው ኩርት ያንሰን የሚባሉ ፊንላንዳዊ ነበሩ። ከሁለቱም ጎራ ያልሆነ ሰው ማግኘቱም ጠቅሟል መሰለኝ።

እነዚያ ፖላንዶች የመጡት ከተትረፈረፈበት አገር አልነበረም። የጦር አገዛዝ ገና በ1983 እ.ኤ.አ. ነው የተነሳላቸው፤ ሥጋ በካርድ ነው የሚገዙት፤ ካርዱም እስከ 1989 ድረስ ቀጥሏል። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የምታስታውሱ ሰዎች ከነሱ ጋር የምታወሩት አይጠፋችሁም ነበር።

አብራሪ ባልሆንም ስለ ከፍታው ትንሽ ልበል፤ የነዚህን ሰዎች ሥራ ልዩ የሚያደርገው እሱ ነው። የፓስፊክ ደሴት ላይ የሚሠራ ሄሊኮፕተር ባሕር ወለል ላይ ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ ማራገቢያው የሚገፋው ነገር አለው። የመንዝና የግሼ ደጋ ግን ወደ 3 ሺህ ሜትር ይጠጋል፤ አቡየ ሜዳ ወደ 4 ሺህ ይደርሳል። በ3 ሺህ ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህሉን አጥቷል። ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሱን ይሳሳል። ማራገቢያው የሚጨብጠው ያጣል፤ ሞተሩም እኮ ያንኑ አየር ነው የሚተነፍሰው፤ እሱም ይደክማል። የዚያ ዘመን ሚ-8 እያንዳንዳቸው 1,500 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ነበሩት፤ ቆላ ላይ 4 ቶን ይሸከማል። ነገር ግን ከባድ ጭነት ይዞ አየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም የሚችለው ከ1 ሺህ ሜትር በታች ነው። ደጋ ላይ ስትወጡ ጭነቱ ይቀነሳል፤ አነሳሱም ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ተንደርድሮ ይሆናል። ማለዳ መብረር ይመረጣል፤ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጉሙም ከሸለቆው ሳይወጣ። ውርጭ የገበሬውን ገብስ እንደሚያቃጥል ሁሉም ያውቃል፤ ለሄሊኮፕተር አብራሪ ግን ያው የማለዳ ውርጭ ወዳጅ ነው። (የሚገርመው ይሄ ነው፤ ዘመናዊው ኦስፕሬይም ቢሆን ማራገቢያዎቹ ለክብደቱ ትንንሽ ስለሆኑ ቀጥ ብሎ መቆም የሚከብደው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ቁልቁል የሚገፋው ንፋስ የጓሳ ሣር ክዳን ያለው ቤት አጠገብ ቢያርፍ… ጣራውን ፍለጋ መሄድ ነው።)

«ታዲያ ለምን ሄሊኮፕተሮቹ ራሳቸው እህሉን አያመላልሱም ነበር?» የሚል ይኖራል። ሒሳቡን እንሥራው። ሚ-8 በሰዓት ከ600 ሊትር በላይ ነዳጅ ይበላል። ከአዲስ አበባ ራቤል በቀጥታ መስመር አንድ ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው፤ ደርሶ መልስ ከ1 ሺህ ሊትር በላይ ማለት ነው። ደጋ ላይ የሚያደርሰው እህል ደግሞ ከግማሽ በታች ወርዷል። ሄርኩለስ ግን ባንድ ጉዞ 15 ቶን ቢጥል 150 ኩንታል ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ብንሰፍር 1 ሺህ ሰው ለአንድ ወር ይይዛል። ስለዚህ ትልቁ ይሸከማል፣ ትንሹ ይመራል። ፖላንዶቹ እህልም መድኃኒትም ጭነዋል፤ ዋናው ዋጋቸው ግን ሌላው አውሮፕላን የት እንደሚጥል እንዲያውቅ ማድረጋቸው ነው።

እንግሊዞቹ በታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ በጠቅላላው ከ30 ሺህ ቶን በላይ እህል አጓጉዘው ነበር። ከዚህ ውስጥ 14 ሺህ ቶን ያህሉ ደጋ ላይ የተጣለ ነው። 140 ሺህ ኩንታል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች ካልን 280 ሺህ የአህያ ጭነት። ይህን ቁጥር ስጽፍ ሁለት ነገር ይሰማኛል። አንደኛው ምስጋና ነው፤ አላፍርበትም። ሁለተኛው ንዴት ነው። እያንዳንዱ ኩንታል በነዳጅ ከሚከፈለው ዋጋ ጋር ሲተያይ ያ ሁሉ ገንዘብ ቀድሞ መንገድ ቢሠራበት ኖሮ ያሰኛል። በእርግጥ ለጋሽ በረሃብ ቀን ያለቅሳል እንጂ በሰላሙ ቀን ጠጠር አያፈስም፤ የኛም መንግሥታት ለግሼ መንገድ ከማሰባቸው በፊት ብዙ የሚያስቡት ነበራቸው።

ደግሞም ስንዴው ሜዳ ላይ ወደቀ ማለት ቤት ገባ ማለት አይደለም። ከሜዳው ወደ ማዶው ቀበሌ የወሰደው ማን ነው? ያው አህያዋና ያው ሰው ነው። በትከሻው፣ በጀርባው፣ ገደሉን ወርዶ ሽቅብ ወጥቶ። የዚያ ሰው ፎቶግራፍ ግን ብዙ አልተነሳም፤ ካሜራው ሰማይ ሰማዩን ሲያይ።

አሁን ወደ አያቴ ንግግር ልመለስ። ስንዴው ይሄ ነው። እሳቱስ?

መንዝ ከሰማይ የሚመጣ ነገርን መፍራት የተማረው ከጣሊያን ጊዜ ነው። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በዚህ ደጋ ሲዋጉ አውሮፕላኖች ያሳድዷቸው ነበር። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ዘረት በተባለው ዋሻ የተጠለሉ የአርበኛ ወገኖች፣ ቁስለኛ፣ ሴትና ሕፃን ጭምር፣ በመርዝ ጋዝና በጥይት ተጨፍጭፈዋል። ጋዙ የተቀዳው ከአውሮፕላን ከሚጣል ቦምብ ውስጥ ነበር፤ ዋሻ ውስጥ ስለነበሩ ቦምቡ ከላይ አያገኛቸውም፤ ስለዚህ መርዙን አውጥተው በሌላ ዕቃ አፉ ላይ አወረዱባቸው። ይህን ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በ2006 እ.ኤ.አ. ይፋ እስካደረገው ድረስ የውጭው ዓለም አያውቀውም ነበር ማለት ይቻላል። የአገሩ ሰው ግን ያውቃል።

ሄሊኮፕተሩ ራሱ የመጣው በኋላ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአሜሪካ ጦር ካርታ አንሺዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተስማምተው አገሪቱን ሲለኩ ባለሙያዎችን ከነመሣሪያቸው ተራራ ጫፍ ላይ የሚያወጡት በሄሊኮፕተር ነበር። እህልም እሳትም ያልያዘው ይሄኛው ብቻ ነው፤ መለኪያ ነው የያዘው። (ለነገሩ ገበሬ መሬት የሚለካ ሰውንም አይወድም፤ ግብር ይከተላል።) ከዚያ ሶማሊያ ወረረችን፤ ሶቪየቶች መጡ፤ ሚ-6 እና ሚ-8 መጡ። የካራማራን በር ፊት ለፊት ከመግፋት ይልቅ ተራራውን ዞረው ወታደርና ቀላል ብረት ለበስ በሄሊኮፕተር አሻግረው ከጠላት ጀርባ አወረዱ፤ ጅጅጋም የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተያዘች። በዚህ ማንም ኢትዮጵያዊ አይከፋም። ያው ሚ-8 ነው ግን፤ በዚያው ቅርጽ፣ በዚያው ድምፅ።

በ1977ም ሰማዩ ላይ የነበሩት ሚ-8ዎች የፖላንድ ብቻ አልነበሩም። ሶቪየት ኅብረት 12 አንቶኖቭ-12 አውሮፕላኖች፣ 24 ሄሊኮፕተሮችና 300 የጭነት መኪናዎች ልካ ነበር። እህል አመላልሰዋል። ነገር ግን በኅዳር 1977 ዓ.ም. መንግሥት የሠፈራውን ዘመቻ ሲያፋፍም እነዚያው አውሮፕላኖችና መኪናዎች ሰው ማጓጓዣም ሆኑ። ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ የተነሳው ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል ተጫነ፤ በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው። ወዶ የሄደ አለ፤ ተገዶ የሄደ አለ፤ እርዳታ ሊቀበል መጥቶ የተጫነ አለ። ደጋ ለምዶ ቆላ ወርዶ በወባ የሞተ ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ የመንዝ ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ ሊያወርድልኝ ነው ወይስ ሊያነሳኝ ነው ብሎ ቢጠይቅ አእምሮው ትክክል ነው እላለሁ። ራቤል ላይ የወረደው እህል አንዱ ትልቅ ውለታም እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ቤቱ እያለ እህሉን ካገኘ ወደ መንገድ ዳር መውረድ አይኖርበትም፤ ካልወረደ ደግሞ የሚጭነው የለም። እንግሊዞቹ ይህን አስበውት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ስለ ጀርመኖችም አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። ምዕራብ ጀርመኖቹ ድሬዳዋ በነበሩበት ሰዓት የምሥራቅ ጀርመን አብራሪዎችም አንቶኖቭ-26 ይዘው አሰብ ነበሩ። አገራቸውን ግንብ ለሁለት ከፍሎት፣ እዚህ መጥተው ያንዱን አገር ረሃብተኛ ይመግባሉ። በርሊን ላይ በሽቦ ተለያይተው የሚተያዩ ሰዎች አንድ የኢትዮጵያ ሰማይ ይበቃቸው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ግንቡ ፈረሰ። እኛ ደግሞ በዚያው ሰሞን የራሳችንን ስናፈርስ ነበርን።

በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ወጣ። የስንዴው ሜዳ የጦር ሜዳ ሆነ፤ ራቤልም ስሟ በውጊያ ወሬ ውስጥ ገባ። ሰማዩ ላይ የሚዞረው ሄሊኮፕተርም ሆዱ ባዶ አልነበረም። ሚ-24 ከሚ-8 የተወለደ ነው፤ ብዙው የሞተርና የማራገቢያ ሥርዓቱ ከዚያው ቤተሰብ የመጣ ነው። ለዓይን ይለያያሉ፤ ሚ-24 ቀጠን ብሎ አጫጭር ክንፎች አሉት፤ ሮኬቱ እነሱ ላይ ይንጠለጠላል። ለጆሮ ግን፣ በተለይ ሸለቆው ድምፁን ሲያስተጋባው፣ እንዴት አድርገህ ትለየዋለህ?

አያቴ ይህንን ሁሉ ዝርዝር አያውቁትም ነበር። የሞተሩን ዓይነት፣ የኔቶን፣ የዋርሶን ነገር። የሚያውቁት አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያው ድምፅ ሁለት ጊዜ መምጣቱንና ሁለት የተለያየ ነገር ማውረዱን ነው። እኔ ደግሞ ዝርዝሩን አውቄ ሳበቃ መልሳቸው ላይ የምጨምረው አጣሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። አያቴ ቤት፣ ከመደቡ በላይ፣ የእህል ጎታው የተቀመጠበት ጠፍጣፋ ጣውላ ነበር። ሻካራ ነው፤ የእንጨቱ ዓይነት ያገር አይደለም፤ ጫፉ ላይ የተሰበረ ነው፤ ዳር ዳሩን የገመድ ማለፊያ ይመስላል። ልጅ ሆኜ የሳጥን ክዳን ይመስለኝ ነበር። ከየት እንደመጣ ልጠይቃቸው ሳስብ እርሳቸው አልነበሩም። በሰባ ሰባት ግሼ፣ ጌራ ወይም ቀያ የነበረ አባት ወይም እናት ያላችሁ ልጆች፣ እስቲ ያ ጣውላ በእናንተም ቤት ይኖር እንደሆን፣ ራቤል ሜዳ ላይ የተሰበረው እንጨት ሁሉ የት እንደደረሰ ጠይቁልኝ፤ ገና በሕይወት ሳሉ።